ሳይታመሙ መታከም

«መድኃኒት ጀምሯል» የሚለው አነጋገር እንደ በሽታው ትርጉሙ ይለያያል። ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት ሲነገር ተራ ወሬ ነው፤ ሰውዬው ሐኪም ቤት ሄዷል፣ ኪኒን ታዞለታል፣ በቃ። ስለ ኤች አይ ቪ ሲነገር ግን ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ራስ ይነቀነቃል፣ «ውይ፣ እዚህ ደረሰ?» ይከተላል። መድኃኒት መጀመር የበሽታው የመጨረሻ ደረጃ፣ የሰውዬውም ማብቂያ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ አነጋገር በወላይታ ሶዶም ሆነ በአዲስ አበባ ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ጉዳት ያደርሳል። ቫይረሱ በደሙ እንዳለ የተነገረው ሰው፣ እየበላ፣ እየሠራ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፉን እየተኛ፣ «እኔ ገና እዚያ ደረጃ አልደረስኩም» ብሎ የሚያመነታው ከዚሁ ተነስቶ ነው። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መድኃኒቱ የተሻለ ሥራ የሚሠራው ሰውዬው ምንም ሳይሰማው ሲጀምረው ሲሆን፣ ቫይረሱ ከገባበት ቀን በራቀ ቁጥር የሚሰጠው ጥቅም እየተሸራረፈ ይሄዳል።

ሰው ይህን እምነት ከሜዳ አላመጣውም፤ በዓይኑ ካየው ነው የወሰደው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በ1995 ዓ.ም. በክፍያ መሰጠት ጀመረ፤ በጥር 1997 ዓ.ም. ደግሞ በነጻ ሆነ። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ውድ፣ ባለሙያው ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ ስለነበር ቅድሚያ የሚያገኘው ለሞት የቀረበው ነበር። ሲዲ ፎር የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአብዛኛው በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ500 በላይ ናቸው። ሕክምናው ግን ቁጥሩ ከ200 በታች እስኪወርድ፣ አለዚያም በሽታው የመጨረሻ ደረጃ ላይ እስኪደርስ ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ጎረቤት ሕመምተኛውን የሚያየው በሰው ተደግፎ ወይም በቃሬዛ ተይዞ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ነበር። መድኃኒት የጀመረ ሁሉ ከሲታ፣ መድኃኒት የጀመረ ሁሉ አልጋ የያዘ ከሆነ፣ ሰው ሁለቱን ቢያያይዝ ምን ይፈረድበታል? ያኔ ወረፋው የግድ ነበር። ችግሩ ደንቡ ከተሻረ ዓመታት ቢያልፉም ያስተማረው ትምህርት ከሰው ልብ አለመውጣቱ ነው።

ከሶዶ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ መዳረሻ፣ በአርባ ምንጭ ሆስፒታል የተደረጉ ጥናቶች የዚያን ዘመን ሁኔታ በግልጽ ያሳያሉ። ሆስፒታሉ በአገሪቱ መድኃኒቱን ቀድመው ከጀመሩት አንዱ ነበር፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2006 በሕክምና መጽሔቶች ወጥቷል። መድኃኒቱን ያገኙት ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ የሚሞተውም፣ በሳንባ ነቀርሳ የሚያዘውም ሰው በብዙ እጅ ቀንሶ ነበር። ይሁንና መድኃኒት ጀምረው ከሞቱት መካከል አብዛኞቹ የሞቱት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ነበር። ገዳዩ መድኃኒቱ አልነበረም፤ ሰውነታቸው ተሟጦ፣ ነቀርሳው ወይም የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽኑ ሥር ከሰደደ በኋላ ስለ ደረሱ ነው። በዚያ ላይ፣ የደከመ የሰውነት መከላከያ በመድኃኒቱ ድንገት ሲነቃ፣ ተደብቆ የቆየውን ነቀርሳ ማጥቃት ይጀምርና ሕመምተኛው ለጥቂት ሳምንታት ከበፊቱ ብሶበት ሊታይ ይችላል። ጎረቤት የሚያየው «ኪኒኑን ጀመረ፣ ባሰበት፣ ሞተ» የሚለውን ቅደም ተከተል ብቻ ነው። የዘገየ ሕክምና የራሱን ስም አጥፍቶ፣ ቀጣዩ ሰው ደግሞ ይበልጥ እንዲዘገይ አደረገ።

ከዚያ በኋላ መስፈርቱ ደረጃ በደረጃ ከፍ አለ፤ ከ200 ወደ 350፣ ከ350 ወደ 500። በመጨረሻ መጠበቅ ራሱ ትክክል መሆን አለመሆኑ በቀጥታ ተፈተነ። «ስታርት» የተባለው ጥናት በ35 አገሮች 4,685 ሰዎችን አሳተፈ፤ ሁሉም ቫይረሱ ያለባቸው፣ ግን ሲዲ ፎራቸው ከ500 በላይ የሆነ፣ በተለመደው አነጋገር «ምንም ያልሆኑ» ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹ ወዲያው ጀመሩ፤ ግማሾቹ ቁጥራቸው ወደ 350 እስኪወርድ ወይም የበሽታው ምልክት እስኪታይ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ተቆጣጣሪዎቹ የጥናቱን ማብቂያ ሳይጠብቁ ውጤቱን ይፋ አደረጉ፤ ወዲያው ከጀመሩት 42ቱ ብቻ ከባድ ሕመም ወይም ሞት ሲያጋጥማቸው፣ ከጠበቁት ግን 96ቱ ላይ ደርሷል። አደጋው በ57 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በኮትዲቯር 2,056 ሰዎች የተሳተፉበት «ቴምፕራኖ» የተባለ ጥናት ተመሳሳይ ውጤት አመጣ፤ ቀድመው በጀመሩት ላይ ከባድ ሕመም በ44 በመቶ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢሆን፣ ሕክምና ይጀምር አለ። ኢትዮጵያም በቀጣዩ ዓመት ይህንኑ ተቀበለች።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ቢያነሳ ተገቢ ነው። ከጠበቁት 2,300 ከሚሆኑ ሰዎች 96ቱ ብቻ ከታመሙ፣ ብዙው ሰው ቢጠብቅም ምንም አልሆነም ማለት አይደለምን? አዎ፣ በአማካይ በሦስት ዓመት ውስጥ ብዙው ምንም አልሆነም። ነገር ግን ኤች አይ ቪ የሦስት ዓመት ጉዳይ አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራው በዓመታት ርዝመት ነው። ደግሞም በእነዚያ ጥናቶች በአፍሪካውያን ላይ ጎልቶ የታየው በሽታ ሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ ነቀርሳ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው የሩቅ ስጋት አይደለም። በአንድ ክፍል ተጨናንቆ በሚያድር ቤተሰብ፣ መስኮቱ በማይከፈት የሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ፣ ሲዲ ፎሩ 600 የሆነም ሰው ቢሆን ቫይረሱ ከሌለበት ሰው ይልቅ ለነቀርሳ የተጋለጠ ነው። «ገና ብርቱ ነኝ» የሚለው ስሜት ይህን አይለካም።

ነገሩ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ስናይ ክርክሩ ይበልጥ ይጠነክራል። ቫይረሱ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ በንፍፊት ውስጥ ይራባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ወደ ሚሊዮኖች ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ጸጥ ያሉ ዓመታት ይህን ያህል አይሆንም። ከሁሉ በፊት የሚጎዳው አንጀት ነው፤ እዚያ ከሚኖሩት ሲዲ ፎሮች ብዙዎቹ በእነዚያ ሳምንታት ያልቃሉ። ሰውዬው በዚህ ጊዜ የሚሰማው ነገር ቢኖር ትኩሳት፣ የጉሮሮ መቁሰል፣ የንፍፊት ማበጥ፣ አልፎ አልፎ ሽፍታ ነው። በወላይታ ቆላ ይህ ወባ ተብሎ ያልፋል፤ በደጋው ጉንፋን። ከዚያ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ቫይረሱ ግን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ለራሱ ጎተራ ያበጃል፤ በተኙ ሕዋሳት ውስጥ ይሸሸግና መድኃኒት የማይደርስበት ክምችት ይሆናል። ቀድሞ መጀመር ይህን ጎተራ ትንሽ ያደርገዋል፤ የአንጀትንም መከላከያ ከመጥፋት ያድናል። በፈረንሳይ ቫይረሱ በገባባቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከታከሙ በኋላ መድኃኒት አቁመው ለዓመታት ቫይረሱን በራሳቸው የተቆጣጠሩ 14 ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በሰፊው ተወርቶላቸዋል። እነሱ ግን ብርቅ ናቸው፤ ጎተራው ትንሽም ቢሆን ጎተራ ነውና መድኃኒት ያቆመ ሰው ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለስበታል። ቀድሞ መጀመር ፈውስ አይደለም፤ ጉዳቱ ሳይደርስ በሩን መዝጋት ነው።

ያ የመጀመሪያው ጊዜ ለሌላውም ሰው አደገኛ ነው። ቫይረሱ በደም በበዛ መጠን በቀላሉ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ሰው መያዙን ከማያውቅበት ከዚያ ሰሞን የባሰ የሚያስተላልፍበት ጊዜ የለም። አንዱ ብቻ ቫይረሱ ያለበት 1,763 ጥንዶች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ ጥናት ወዲያው መታከም ወደ ትዳር ጓደኛ መተላለፍን በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከወረደ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ጓደኛው የተላለፈበት አንድም ጊዜ አላገኙም። ይህን ብዙ ሰው እስካሁን አያምንም፤ አንዳንድ የጤና ባለሙያም ጭምር በሙሉ አፉ ሊናገረው ይፈራል። ለእናቶች ደግሞ ነገሩ የባሰ አጣዳፊ ነው። በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ አዲስ የተያዘች እናት ቫይረሱ በደሟ እጅግ ስለሚበዛ ለልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ ከፍ ይላል። ያለ ሕክምና ከ100 ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ፤ በሕክምና ግን ከ5 በታች ይወርዳል። ከእናቱ የተላለፈበት ሕፃንም ቢሆን መጠበቅ አያዋጣውም፤ በደቡብ አፍሪካ በሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጀመር ሞትን በ76 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

እንግዲህ መዘግየቱ ያለው የት ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በኢትዮጵያ ከተሞች የተደረገው ትልቅ የቤት ለቤት ጥናት መልስ አለው። ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት የከተማ ነዋሪዎች 3 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። ከእነዚህ መካከል መያዛቸውን የሚያውቁት 79 በመቶ ነበሩ። ከሚያውቁት ውስጥ መድኃኒት የጀመሩት 97 በመቶ፤ ከጀመሩት ውስጥ ቫይረሱ የወረደላቸው ወደ 88 በመቶ። ትልቁ ቀዳዳ ከፋርማሲው መስኮት ሳይሆን ከዚያ በፊት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ያወቀ ሰው ከሞላ ጎደል ጀምሯል፤ ያልጀመረው በአብዛኛው ያላወቀው ነው። «ቶሎ መጀመር» ስንል ቶሎ መመርመር ማለታችን ነው።

ሶዶን ከዚህ አንጻር ማየት ይጠቅማል። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠችው ይህች ከተማ የመንገድ መጋጠሚያ ናት፤ ከአዲስ አበባ በሆሳዕና የሚመጣው፣ ከሐዋሳና ከሻሸመኔ የሚመጣው፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ጎፋና ወደ ዳውሮ የሚሄደው ሁሉ ይገናኝባታል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስለሆነች ደግሞ እንግዳው በዝቷል። መሬት በጠበበበት በዚህ ዞን ከቦዲቲ፣ ከአረካ፣ ከሁምቦ የሚወጣው ወጣት ለሊስትሮ፣ ለቀን ሥራ፣ ለትልልቅ እርሻዎች ጉልበት ሥራ አገር ያቋርጣል፤ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተጓዥ መሆን ጥፋት አይደለም፤ በሽታም አይደለም። ግን ተጓዥ ሰው ቋሚ የጤና ካርድ የለውም፣ በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር አታገኘውም፣ ሲያመው ከፋርማሲ ገዝቶ ይውጣል። ወንዱን ደግሞ እንደ ሴቷ በግድ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው እርግዝና የለም። ምርመራው ሲደርሰው ብዙ ጊዜ ዓመታት አልፈዋል።

ምርመራውም አንድ ጣጣ አለበት፤ ተደጋግሞ መነገር ያለበት። ከጣት ጫፍ በመርፌ ተወግታ የምትወጣ አንዲት ጠብታ ደም በትንሿ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ትደረጋለች፤ ፈሳሽ ይጨመርባታል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል። አንድ መስመር ብቻ ከታየ ኔጋቲቭ ነው፤ ሁለት ከታየ በሌሎች መመርመሪያዎች ይረጋገጣል። ነገር ግን ይህ ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ለቫይረሱ የሰጠውን መልስ ነው፤ መልሱ እስኪዘጋጅ ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዳንዴ እስከ 3 ወር። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ተጋልጦ ዛሬ «ነጻ ነህ» የተባለ ሰው ገና አልተመረመረም ማለት ይቻላል፤ ከ3 ወር በኋላ መመለስ አለበት። ከዚያም የሚቀድም ነገር አለ፦ በተጋለጠ በ72 ሰዓት ውስጥ የደረሰ ሰው ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ያገኛል። በሰዓት የሚቆጠር ሕክምና ነው፤ እስከ ሰኞ አያስተኛም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው «መድኃኒቱ ራሱ ይጎዳል» የሚለው ነው። ይህም እውነት የነበረበት ጊዜ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መድኃኒት የነበረው ስታቩዲን ጉንጭ ያጎደጉዳል፣ እግር ያቃጥላል፤ ኤፋቪረንዝ ደግሞ ሌሊት በቅዠት ያስጮህ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ላይ የተቀመሙበት፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ አንድ ኪኒን ነው። ራስ ሊያሳምም፣ እንቅልፍ ሊነሳ፣ ክብደት ሊጨምር ይችላል፤ ኩላሊትም መታየት አለበት። ያለ ሕክምና የሚኖር ቫይረስ ከሚያደርሰው ጋር ግን የሚወዳደር አይደለም። «በባዶ ሆድ አይወሰድም» የሚለውም ስህተት ነው። የእንሰቱ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ ጎተራው ባዶ የሚሆንባቸው ወራት በወላይታ መኖራቸውን የሚያውቅ ሰው ይህ ወሬ ስንቱን እንዳስቀረ መገመት አያቅተውም። ይህ ኪኒን በምግብም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ለታካሚ ምግብ ማቅረብ ተገቢ ነው፤ ኪኒኑ ግን ምሳ አይጠብቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእምነት ይመጣል፤ በሶዶ ይህን መዝለል አይቻልም። የጸሎት ፈውስ በአብያተ ክርስቲያናቱ፣ ጠበልም በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ትልቅ ቦታ አላቸው። ክርክሩ በጸሎትና በኪኒን መካከል መደረጉ ግን ያለ ቦታው ነው፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስዱ በአደባባይ አሳስበዋል። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ቶሎ የጀመረ ሰው ቫይረሱ በደሙ እስከማይታይ ይወርድለታል፤ የላቦራቶሪ ወረቀቱም ይህንኑ ይላል። ያን ወረቀት ይዞ «ተፈውሻለሁ» ብሎ መመስከርና ኪኒኑን መጣል ከዚያ አንድ እርምጃ ነው። «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። መድኃኒት አቋርጠው የሚመለሱ ሰዎች ምን እንደሚደርስባቸው ከ5,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ያቋረጡት ካላቋረጡት ይልቅ ይታመማሉ፣ ይሞታሉ። አገልጋዮች «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም የምትለውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከመድረክ ቢናገሩ ብዙ ነፍስ ያድናሉ።

ሦስተኛውን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ ያስቸግራል። «ሰውዬው ዛሬ ተነግሮት ዛሬ ኪኒን ቢሰጠው፣ ሳይቀበለው ወስዶ ነገ ይጥለዋል፤ ጊዜ ስጡት» ይላሉ። እውነት አለበት፤ ለዕድሜ ልክ የሚሆን ነገር ለመቀበል ልብ ጊዜ ይፈልጋል። የሚፈራው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሽታውን ሳይሆን ብልቃጡን ነው፦ በቦርሳ ውስጥ ሲንኳኳ የሚሰማው፣ ስሙ ከላዩ ተልጦ በላስቲክ የሚጠቀለለው፣ አከራይ እንዳያየው ከእህል ጆንያ ሥር የሚገባው። መልሱ ግን ወራት መጠበቅ አይደለም። የሚመከረው ዝግጁ ለሆነ በዚያው ቀን፣ ላልሆነ በ7 ቀን ውስጥ ነው፤ እነዚያ ቀናት ለምክር ይበቃሉ። የረጋ ታካሚ ደግሞ የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ ስለሚወስድ በየወሩ በሆስፒታል ደጃፍ አይታይም። እውነተኛ ምክንያት ያለው ዋናው መዘግየት ይህ ነው፤ የአንጎል ሽፋን ነቀርሳ ወይም ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ የያዘው ሰው በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ይህ የሚደርሰው ግን በአብዛኛው ዘግይቶ በመጣው ላይ ነው።

በመጨረሻ ገንዘብ አለ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም፣ በዚያ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ 5,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ለከፋው እናስቀድም» የሚለው የድሮ ወረፋ ዳግመኛ ምክንያታዊ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ያ ወረፋ ርካሽ አልነበረም። ዘግይቶ የመጣ ሰው አልጋ ይይዛል፣ የነቀርሳ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ጠባቂ ወንድሙን ከእርሻ ያስቀራል፣ በተጠበቀባቸው ዓመታትም ለሌላ ሰው ያስተላልፋል፤ ያም ሰው የራሱን ወጪ ይዞ ይመጣል። ጤነኛ መስሎ ሳለ የተጀመረ በቀን አንድ ኪኒን ከዚህ ሁሉ ያንሳል። ገንዘብ ከጠበበ መቀነስ ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ምርመራና ቀድሞ የሚጀመር ሕክምና ግን ከሚቀነሱት የመጨረሻዎቹ መሆን አለባቸው።

ለጊፋታ ወደ ሶዶ፣ ወደ አረካ ወይም ወደ ቦዲቲ የምትመለሱ፣ ከመናኸሪያ ወርዳችሁ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ባይሆንም ከበዓሉ በኋላ ከመመለሳችሁ በፊት፣ ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ። የደም ጠብታዋ ውጤት በ20 ደቂቃ ይታወቃል፤ ቫይረሱ ከተገኘም የመጀመሪያው ኪኒን በዚያው ቀን፣ ያለ ክፍያ ይሰጣል።